ለሃምሳዬ የሚጠነሰስ

ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ሌሊት ውርጭ ወርዷል። ደጅ ያደረው ባልዲ ላይ ስስ በረዶ አለ። ጥር 12 ቀን ሃምሳ ዓመት ይሞላኛል፤ ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሃያ ሁለት ቀን በዚህ ብርድ ብቅል አብቅሎ አንድ ጋን ጠላ ለማድረስ ልክ የሚበቃ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ዛሬ ይጀመራል።

ልደት በእኛ ዘንድ የልጆች ነገር ተደርጎ ይታያል። ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለተዝካር እንደግሳለን፤ አንድ ሰው በሕይወት ሃምሳ ዓመት ቆሞ ሲገኝ ግን ቀኑ ዝም ብሎ ያልፋል። ይህ አይገባኝም። ተዝካሩን የሚበላለት ሰው ሁሉ በቁሙ ሳለ ቢመርቀው ምን አለበት? እኔ ሃምሳን የምቀበለው ደስ ብሎኝ ነው፤ ደስታው ደግሞ ከኬክ ቤት ታዝዞ በአንድ ቀን የሚመጣ ሳይሆን ቀን ተቆጥሮለት የሚደርስ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ቀን መቁጠር የሚጀምረው ከራሱ ከልደቱ ቀን ነው። በዚህ ዕድሜ ያለን የሰሜን ሸዋ ሰዎች ብዙዎቻችን የልደት የምስክር ወረቀት የለንም። ያለን የእናት ቃል ነው፦ «የሚካኤል ለት፣ የጥምቀት ማግሥት፣ ረቡዕ፣ ዘመኑ ዮሐንስ።» ይህን ቃል ንቆ መታወቂያ ላይ የተጻፈውን ማመን ስሕተት ነው፤ የእናት ቃል የሚፈተሽበት ሒሳብ አለና።

ከዘመኑ እንጀምር። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 1968 ሲደመርበት 7468 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ዮሐንስ፤ ቃሉ ልክ ነው። ዘንድሮ 7518 ስለሆነ 2 ይተርፋል፤ ማርቆስ ነው።

ቀጥሎ ዕለቱ። ዓመት በመጣ ቁጥር ቀን በሳምንት ውስጥ አንድ ዕለት ወደፊት ይገፋል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ አንድ ይጨመራል። ከ1968 እስከ 2018 ጳጉሜን 6 የሆነችው 12 ጊዜ ነው፤ ከ1971 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ እስከ 2015። 50 እና 12፣ 62 ይሆናል፤ በሰባት ሲገደፍ 6 ይቀራል። ስድስት ዕለት ወደፊት ማለት አንድ ዕለት ወደኋላ ነው። ስለዚህ በ1968 ረቡዕ የተወለደ ሃምሳው የሚውለው ማክሰኞ ነው፤ የዘንድሮው ጥር 12ም ማክሰኞ ነው። እናቱ «ቅዳሜ፣ የገበያ ለት» ያለችው ሰው ዓርብ ላይ ያርፋል፤ ዓርብ ጾም ስለሆነ ድግሱን ወደ እሑድ ያዛውር። በ1967 ተወልደው ዓምና ሃምሳ የሞሉት ግን 13 ጳጉሜን ስላገኙ በተወለዱበት በዚያው ዕለት ነው የዋለላቸው።

ቀኑ ጠፍቶ ክርስትናው የሚታወስ ከሆነ ወደኋላ መቁጠር ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ የተወለዱበት ቀን እንደ አንድ ይቆጠራል። ጥር 12 የተወለደ ወንድ የካቲት 21፣ በማርያም ይነሣል። ሴት ከሆነች ሚያዝያ 1፣ በልደታ ነው። ይህ ሒሳብ የሚሳሳተው መንገዱ ላይ ጳጉሜን ሲገባ ነው፤ ሰው ወሩን በ30 ብቻ ቆጥሮ አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን ይረሳል።

የፈረንጁ ቀን ሌላ ወጥመድ አለው። ጳጉሜን 6 የነበረችበት ዓመት ካለፈ በኋላ እስከ የካቲት 21 ድረስ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይሰፋል። ጥር 12 ቀን 1968 በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 1976 ነበር፤ የዘንድሮው ጥር 12 ግን ጃንዋሪ 20 ነው። ልጆች በስልካቸው «ልደትህ ነገ ነው» ቢሉ የሚከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የምይዘው ሚካኤልን ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው በዚህ ዕድሜ የግል ማኅደሩን አንድ ጊዜ ቢያየው ይጠቅመዋል። ጡረታ በ60 ነው፤ የሚቆጠረውም መጀመሪያ ሲቀጠር ከተመዘገበው የልደት ቀን ነው። አሥር ዓመት ሲቀር ማወቅና አንድ ወር ሲቀር ማወቅ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ጋኑ። ለአርባ ሰው 45 ሊትር ጠላ ይበቃል። በእኔ ልክ 10 ኪሎ ገብስ፣ ለብቅል የሚሆን ሌላ 3 ኪሎ ገብስ፣ 1 ኪሎ ጌሾ ነው። ብቅል ከገበያ መግዛት ይቻላል፤ ግን መቼ እንደበቀለና ሻጋታ አግኝቶት እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ገብሱ ዛሬ ማታ ይነከራል። ነገ ማታ ውኃው ተጠንፍፎ በኮባ ቅጠል ይጠቀለልና ድንጋይ ይጫነዋል። ቆላው ሸዋ ሮቢት ቢሆን በሁለት ሦስት ቀን ይበቅል ነበር፤ እዚህ በታኅሣሥ አምስት ቀን ይፈልጋል። ቡቃያው የፍሬውን ርዝመት ሲያክል ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ወደ ስኳር የሚለወጠውን ዱቄት ቡቃያው ራሱ ይበላውና ጠላው ቀጭን ይሆናል። ከዚያ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሌሊት ግን ደጅ አያድርም፤ ውርጭ ያረጥበዋል።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ጠላን የሚያሆመጥጡትን ተዋሕስያን ይቀንሳል። ጠላ ሆመጠጠ ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከእህሉ ሳይሆን ከዕቃው ነው፤ አለዚያም አፉ በየቀኑ እየተከፈተ አየር ስለገባው ነው።

ታኅሣሥ 26 ይጠነሰሳል፦ የተወቀጠው ጌሾ ከ8 ሊትር ውኃ ጋር። በዚህ ብርድ አምስት ቀን ይቆያል። ጥር 1፣ ከ3 ኪሎ ዱቄት የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ ከተፈጨው ብቅል ጋር ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ጥር 5 እንኩሮው ይጨመራል፤ የቀረው 7 ኪሎ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ርሶ ምጣድ ላይ የበሰለው ነው። ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። እንኩሮው ትኩስ እንዳለ ከተጨመረ እርሾውን ይገድለዋል፤ ጋኑ ዝም ይላል፣ ሰውም በጌሾው ያሳብባል። እጅ ሲገባበት ለብ ማለቱን ማረጋገጥ ነው። ቆሎው ከመጠን በላይ ከጠቆረም ጠላው ይመራል፤ የቡና ዓይነት ቀለም ሲይዝ ይብቃው።

ጥር 9 ንጹሕ ውኃ ይሞላበትና አፉ ይከደናል፣ ይለሰናል። ጥር 12 ይከፈታል። በእነዚህ ሁሉ ቀናት ጋኑ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንዳይበርደው። እርሾ ብርድ ሲይዘው አይሞትም፤ ይተኛል። ምድጃ ጥግ ማስጠጋት መፍትሔ አይደለም፤ አንዱ ጎኑ ሞቆ ሌላው ይበርዳል። የመንዝ ባና ሁለት ዙር መጠምጠምና ከሥሩ ጭድ ማንጠፍ ይሻላል። የበግ ጠጉር ለሰው የሚሠራውን ለጋንም ይሠራል።

ለማይጠጡ ብርዝ አለ። አረቄ አይቀርብም። ደብረ ብርሃን በአረቄዋ መታወቋን አውቃለሁ፤ ነገር ግን መጠጥ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ የሞቀ እያስመሰለ የሰውነትን ሙቀት ያወጣል። በጥር ሌሊት በእግራቸው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ትልልቅ ሰዎችን በዚህ መሸኘት አልፈልግም።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ከቆላ የመጣ ባለሙያ ወጡ አልበስል ሲለው እሳት ይጨምራል፤ እሳት ቢጨመር ውኃው ከ91 አይዘልም፣ ወጡ ይደርቃል እንጂ። የሚጨመረው ጊዜ ነው። ዕንቁላል 10 ደቂቃ የሚበቃው ከሆነ እዚህ 15 ይስጡት። ሽምብራና ክክ ከዋዜማው ይነከሩ።

አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ለ36 ሰው ሦስት ዶሮ፣ 36 ዕንቁላል። ለእያንዳንዱ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ በርበሬ፣ ሩብ ኪሎ ለጋ ቅቤ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት እርጥበቱ እስኪያልቅ ይቁላላ፤ ይህ ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። የቸኮለ ሰው ወጥ ሽንኩርቱና መረቁ ተለያይቶ ይታያል። የቀሩት እንግዶች ከበጉ ይበላሉ፤ የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ 10 ኪሎ ያህል ሥጋ ይወጣዋል፣ ጣዕሙ ግን ወደር የለውም።

ድፎው ከ5 ኪሎ የጅሩ ስንዴ ይጋገራል። ብርዱ ሊጡን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ማታ ተቦክቶ ተሸፍኖ ይደር። የከፍታው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ አንዴ መነሣት ከጀመረ ቶሎ ይነፋል፣ እጥፍ እስኪሆን ከተጠበቀም ምጣድ ላይ ይረግባል። እጥፍ ሳይሞላ ወደ ምጣዱ መሄድ አለበት። ሃምሳ ሻማ ከመደርደር አንድ ጧፍ በቂ ነው። ዳቦውን የሚቆርሰው ባለልደቱ ሳይሆን ከተሰበሰበው ሰው በዕድሜ የበላይ የሆነው ነው፤ መርቆ ይቆርሳል፣ ቀጥሎ እንጀራው፣ ከዚያ ቡናው። ምርቃቱ ከመብል በፊት ይሁን፤ ከጠላ በኋላ አሜን የሚል ጆሮ ይሳሳል።

ጥር የሠርግ ወር መሆኑን አለመርሳት ነው። የእድሩ ድንኳንና ወንበር ከሁለት ሳምንት በፊት ካልተጠየቀ አይገኝም።

ከድግሱ በፊት በዚህ ሳምንት የሚደረግ ሌላ ነገር አለ፤ ጤና ጣቢያ መሄድ። ጾም ላይ ስለሆንን የስኳር ምርመራው ይቀላል፤ ለ8 ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ ጠዋት መለካት ነው። 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያየ ቀን ከተገኘ ስኳር ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ገና የሚመለስ ነው። የደም ግፊት ሲለካ አምስት ደቂቃ ዐርፎ፣ እግር መሬት ነክቶ፣ ክንድ በልብ ትክክል ሆኖ ነው። ቡና ጠጥቶ ዳገት ወጥቶ የተለካ ግፊት ሰውን በከንቱ ያስደነግጣል። በተለያየ ቀን 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። ጽሑፍን እያራቁ ማንበብ ሕመም አይደለም፤ የዓይን ሌንስ በዚህ ዕድሜ ጠንክሮ ቅርብን መያዝ ስለሚያቅተው ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ የሚሸጠው መነጽር ለሁለቱም ዓይን አንድ ዓይነት ነው፤ የሁለቱ ዓይን ልክ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ተለክቶ የተሠራ መነጽር ዳዊቱንም ጋዜጣውንም መልሶ ያመጣል። ለራሴ ከምሰጠው ስጦታ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ሃምሳ ችግኝ መትከል የሚያምር ሐሳብ ነው፤ በጥር ግን አይደለም። ውርጩ ከኅዳር እስከ ጥር ለጋ ችግኝ ያቃጥላል፣ መሬቱም ደረቅ ነው። ጉድጓዱ በግንቦት 40 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፣ የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ ይቀመጥ፣ በሐምሌ ይተከል፣ ጥቁሩ አፈር ሥሩ ላይ ይመለስ። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ተጠምዝዞ በሁለተኛው ዓመት ይጠወልጋል። በሚቀጥለው ኅዳር ከመግባቱ በፊት ደግሞ በሣር ጎጆ ይከለላል። ከሃምሳ ይልቅ አሥር ተክሎ አሥሩንም ማሳደግ ይሻለኛል፤ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ። ጽድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ቀና ተብለው የሚታዩት ጽዶች የተጀመሩት በእንዲህ ያለ ቁመት ነው። ቀስ ማለቱ ደስ ይለኛል፤ በየዓመቱ ሄጄ የምለካው ነገር ይኖረኛል።

ገብሱ ተለቅሟል። መንከሪያው ውኃ ከደጁ ባልዲ አይቀዳም፤ በረዶ የነካው ውኃ ቡቃያውን አንድ ቀን ያዘገየዋል፣ በሃያ ሁለቱ ውስጥ ደግሞ ትርፍ ቀን የለም። እሳት ላይ ለብ ይበል።