ሦስት ወር ያቆመኝ አንድ ቃል

ባለፈው እሑድ «የስ ሚኒስተር» የሚባለውን የእንግሊዝ የፖለቲካ ኮሜዲ አንድ ሙሉ ክፍል ሰብታይትሉን አጥፍቼ አየሁ። የሚኒስቴሩ ቋሚ ሠራተኞች አለቃ ሰር ሃምፍሬይ ያንን ማለቂያ የሌለው ዓረፍተ ነገሩን ሲጀምር ትንፋሼን ያዝኩ። እስኪጨርስ ተከተልኩት። ሚኒስትሩ ግራ ገብቶት ሲያፈጥ እኔ ገብቶኝ ነበር። ሳቄ ከስቱዲዮው ተመልካቾች ሳቅ ጋር እኩል ወጣ። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት እንዲህ ያለ ነገር አላስበውም ነበር። ብዙዎቻችሁ እንግሊዝኛችሁን በተከታታይ ድራማ እያሻሻላችሁ እንደሆነ ስለማውቅ የሆነብኝን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ የአክስቴ ልጅ ለንደን። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ የአሜሪካውን «ሃውስ ኦፍ ካርድስ»፣ አንድ ፖለቲከኛ ከላዩ ያሉትን እየጣለ ወደ ሥልጣን ጫፍ የሚወጣበትን ድራማ፣ 73ቱንም ክፍል እንደጨረስኩ ነገርኩት። «እህቴ፣ አንቺ ያየሽው ግልባጩን ነው። ዋናው እኛ ጋ በ1990 ተሠርቷል፤ አራት ክፍል ብቻ ነው» አለኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) አላመንኩትም። ፈልጌ ሳገኘው ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ እኔ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ እሱ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ አንድ የእንግሊዝ ሥራ ከአሜሪካ ግልባጩ ጋር እናያለን። ከዚያ ስልክ ላይ እንሟገታለን።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ቶሎ ልለፋቸው። «ዘ ኦፊስ» በሚባለው የቢሮ ሠራተኞች ኮሜዲ ነው የጀመርነው። የእንግሊዙ የገና ልዩ ዝግጅቶቹን ጨምሮ 14 ክፍል ነው። የአሜሪካው ከ2005 እስከ 2013 ሄዶ 201 ክፍል ደረሰ። የአሜሪካው የመጀመሪያ ክፍል የእንግሊዙን ጽሑፍ ከሞላ ጎደል እንዳለ ወስዶታል፤ ሁለቱን አከታትላችሁ ስታዩዋቸው ቀልዱ ሲቀዘቅዝ ይታወቃችኋል። ነፍስ የዘራው ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ የራሱን መንገድ ሲይዝ ነው። «ከፕሊንግ» የሚባለውንም የእንግሊዝ ኮሜዲ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤንቢሲ በ2003 እንዳለ ገልብጦ ሞክሮት ነበር። አራት ክፍል ካሳየ በኋላ አቆመው። ቃል በቃል መገልበጥ አይሠራም። በዚህ ጉዳይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተጣልተን አናውቅም።

ከዚያ ወደ «ሃውስ ኦፍ ካርድስ» መጣን። እዚህ ጋ ሦስት ወር ቆምኩ።

የእንግሊዙን የመጀመሪያ ክፍል ሦስት ጊዜ አየሁት። ፍራንሲስ ኧርካርት የሚባለው ሰውዬ ሥራው ምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ሚኒስትር አይደለም። የፓርቲው ሊቀመንበርም አይደለም። ግን ሰው ሁሉ ይፈራዋል። «ቺፍ ዊፕ» ነው ይሉታል። መዝገበ ቃላት ስከፍት «ዊፕ» ጅራፍ ነው ይለኛል። ዋና ጅራፍ? ደግሞ ያኔ ትዝ ያለኝ ነገር አሳፈረኝ። የአሜሪካው ፍራንክ አንደርውድም ሲጀመር የተወካዮች ምክር ቤቱ ዊፕ ነው። ቃሉን በየክፍሉ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ «ትልቅ ባለሥልጣን ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። 73 ክፍል ሙሉ የዋናውን ሰው ሥራ ሳላውቅ ነው ያየሁት።

የአክስቴን ልጅ ብጠይቀው እሱም በደንብ አላብራራልኝም። ስለዚህ ድራማውን ትቼ ስለ ቃሉ ማንበብ ጀመርኩ። መነሻው የቀበሮ አደን ነው። ውሾቹ ከመንጋው ተነጥለው እንዳይበተኑ በጅራፍ የሚመልሳቸው ሰው ነበር። ፓርላማው ቃሉን ከዚያ ወሰደው። ዊፕ ማለት የፓርቲው አባላት ድምፅ ሲሰጡ ከመስመር እንዳይወጡ የሚጠብቅ ሰው ነው። በየሳምንቱ ለአባላቱ የሚላከው ወረቀትም ራሱ ዊፕ ይባላል። አንድ ጉዳይ ከሥሩ ሦስት ጊዜ ከተሰመረበት መቅረትም ሆነ መቃወም አይቻልም። ዊፑን የተነጠቀ አባል ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን ወጣ ማለት ነው። በመስከረም 2019 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን በብሬግዚት (ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት) ጉዳይ የተቃወሙትን 21 የራሱን ፓርቲ አባላት በአንድ ምሽት ዊፑን ነጠቃቸው። ከመሀላቸው የቸርችል የልጅ ልጅ ነበረበት። ይህን ካነበብኩ በኋላ ኧርካርት በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰዎቹ ለምን ፈገግታቸውን እንደሚያስተካክሉ ገባኝ።

አሜሪካ ውስጥ ግን ያው ስም ያለው ሰው ያን ያህል ጅራፍ የለውም። የኮንግረስ አባል ገንዘቡን ራሱ ያሰባስባል፤ እጩነቱንም በራሱ ወረዳ ተወዳድሮ ያገኛል። ዊፑ ድምፅ ይቆጥራል፣ ያግባባል፣ ይደራደራል። ስለዚህ አንደርውድ ቀኑን ሙሉ ሲቆጥርና ሲገበያይ ይውላል። ኧርካርት ግን አንድ ቃል ጣል ያደርግና ይሄዳል። ይህን የተዋናዮቹ ልዩነት አድርጌ ነበር የማየው። ለካ የወንበሩ ልዩነት ነው።

ትልቁ መቆለፊያ የተከፈተልኝ ግን በቀኖቹ ነው። የእንግሊዙ የመጀመሪያ ክፍል በቢቢሲ የታየው እሑድ ኅዳር 18 ቀን 1990 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሯ የማርጋሬት ታቸር ፓርቲ የፓርላማ አባላት በመሪነቷ ላይ ድምፅ ሰጡ። 204 ለ152 አሸነፈች። ሕጉ ግን ሰፋ ያለ ልዩነት ይጠይቅ ስለነበር አራት ድምፅ ጎደላት። ሐሙስ ዕለት እንደምትለቅ አስታወቀች። ተመልካቹ በድራማ የጀመረውን ነገር በዚያው ሳምንት በዜና አየው። ሕዝብ ድምፅ አልሰጠም፤ የራሷ ሰዎች ናቸው ያወረዷት። በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲህ በቀናት ውስጥ ይወድቃል። ታሪኩ በአራት ሰዓት የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ግን የአራት ዓመት ዘመን አለው። በክስ ለማውረድ የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ እስካሁን በዚያ መንገድ የወረደ ፕሬዚዳንት የለም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ አንደርውድን መጀመሪያ ምክትል ማድረግ ነበረባቸው። ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ራሱ እንዲለቅ መንገዱን አበጁ። 26 ክፍል ፈጀ። ብዙ ሰው «የአሜሪካው ተንዛዛ» ይላል፤ እኔም እል ነበር። አሁን እስከ ሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ድረስ ርዝመቱ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለእኔ ተንዛዝቷል።

ቃሉን በአማርኛ የማገኘው አልመሰለኝም ነበር። አንድ ቀን ወጥ እየሠራሁ የአዲስ አበባ ዜና ከፍቻለሁ። «በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት ዋና ተጠሪ» ሲል ሰማሁ። ስንት ዓመት የሰማሁት ነው። ወጡን ከእሳት አወረድኩና የዜናውን የእንግሊዝኛ ቅጂ ፈለግኩ። «ጋቨርንመንት ቺፍ ዊፕ» ይላል። ቁጭ አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ የፈለግኩት ቃል እቤቴ ነበር!

ወዲያው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «ተጠሪ!» አልኩት። «ምን ተጠሪ?» አለኝ። ስነግረው እሱም ዝም አለ። ሁለታችንን የገረመን የቃሉ አመራረጥ ነው። እንግሊዝኛው ጅራፉን ፊት ለፊት ያሳያችኋል። አማርኛው ሲጠራ አቤት የሚል፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው የሚያመለክታችሁ። ጅራፉ የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ለኧርካርት የአማርኛው ይበልጥ ይስማማዋል። ምክንያቱም ሰውዬው ጅራፉን አያሳይም፤ ሁልጊዜ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ታማኝ አገልጋይ ነው። ወሬውን ለጋዜጠኛ የሚያሾልከው እሱ፣ ወሬው ሲወጣ ከሁሉ በላይ ያዘነ መስሎ የሚታየው እሱ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው ለእሱ ነው። ያን ዕለት ማታ የመጀመሪያውን ክፍል ለአራተኛ ጊዜ አየሁት። አንድም ቦታ አላቆምኩም።

ስለ ዘዴ የማምንበትን ልንገራችሁ። ዋናውን አስቀድሙ፣ ግልባጩን አስከትሉ። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ከፍታችሁ አንዴ እዩ፣ በማግሥቱ አጥፍታችሁ ድገሙት። ኮምፒውተር የተረጎመውን የአማርኛ ሰብታይትል አትንኩት፤ በተለይ ለፖለቲካ ቃላት። ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ የሚተረኩትን የፊልም ታሪኮች ብዙ ሰው ይወዳል። ለድርጊት ፊልም ይሁን። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ግን ይጎዳል ባይ ነኝ፤ ሁሉ ነገር ያለው ንግግሩ ውስጥ ነው። ተራኪው «ከዚያ ተስማሙ» ብሎ ያለፈው ቦታ የድራማው ልብ ነው። አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ በክፍል ከሦስት ቃል በላይ አትጻፉ። እኔ መጀመሪያ አርባ፣ ሃምሳ ቃል እጽፍ ነበር። አንዱንም አልያዝኩም።

ይህን ሁሉ ስል ራሴ ያልተወጣሁት አለ። «ዘ ቲክ ኦፍ ኢት» የሚባለውን የእንግሊዝ የፖለቲካ ኮሜዲ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ጥዬዋለሁ። የመንግሥቱን ወሬ የሚቆጣጠረው ማልከም ታከር ሲናገር ፍጥነቱም ስድቡም ከአቅሜ በላይ ነው። ለአክስቴ ልጅ ግን ጨርሻለሁ ብዬዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ያውቃል፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ። እኔ ያየሁት የአሜሪካውን «ቪፕ»ን ነው። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤቢሲ በ2007 «ዘ ቲክ ኦፍ ኢት»ን ወደ አሜሪካ ሊገለብጠው የሙከራ ክፍል ሠርቶ ሳይሳካ ቀርቷል። ኋላ ያው የእንግሊዙ ፈጣሪ አርማንዶ ያኑቺ ራሱ በ2012 ኤችቢኦ ለሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ «ቪፕ»ን ሠራ። ግልባጭ አላለውም። አቅም ለሌለው የእንግሊዝ ሚኒስትር አሜሪካዊ አቻ ፈለገ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቷን አገኘ። ፕሬዚዳንቱ ደውሎ እንደሆነ በየጊዜው ትጠይቃለች፤ አልደወለም። ካየኋቸው ሁሉ ከአገር አገር በደንብ የተሻገረው ይህ ነው።

«የስ ሚኒስተር» የታወቀ የአሜሪካ ግልባጭ የሌለውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። የእንግሊዝ ሚኒስትር ይሄዳል፣ ሰር ሃምፍሬይ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፕሬዚዳንት ሲመጣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሹመኞችን ይሰይማል። ሰር ሃምፍሬይን የምታስቀምጡበት ወንበር የለም። ህንድ ግን የእንግሊዝን ቢሮ ስለወረሰች በ2001 በሂንዲ ሠርታዋለች። እሱን ገና አላየሁትም።

በሚቀጥለው እሑድ የኧርካርትን ሁለተኛ ታሪክ፣ የ1993ቱን «ቱ ፕሌይ ዘ ኪንግ»ን እንጀምራለን። አሁን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኧርካርት ከንጉሡ ጋር የሚጋጭበት ነው። ንጉሥ ስለሌላቸው አሜሪካኖቹ ይህን ሊገለብጡት አይችሉም። ደብተሬ ላይ አንድ ቃል ከወዲሁ አስፍሬአለሁ። «ባክቤንቸር» ይላል፤ ሹመት የሌለው፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ የፓርላማ አባል ነው። ፓርላማችን ውስጥ በአማርኛ ምን እንደሚባል የምታውቁ ካላችሁ እስከ እሑድ ጻፉልኝ።