ቅድሚያ ከታች ላለው ሰው

ልጆቼ ለስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ ለመንሸራተት፣ ተራራ ሲወጡ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ብርዱን እንዴት ይችሉታል?" ብሎ ነው። ብርዱ በልብስ ይቻላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ፍጥነቱ ነው። የራሳቸው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ ከኋላቸው የሚመጣው የማያውቁት ሰው ፍጥነት።

ባለፈው ቅዳሜ የፈራሁት ደረሰ። ከምንኖርበት ከኮሎራዶዋ ዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ 70 መንገድ ከሚደረስባቸው ተራሮች በአንዱ ላይ ነው። ሴት ልጄ ጓደኛዋን እየጠበቀች ከመውረጃው ዳር ቆማ ነበር። ጥግ ይዛለች፤ ከላይ ለሚመጣ ሰው በደንብ ትታያለች። አንድ ወጣት በስኖውቦርድ፣ ሁለቱም እግር በሚታሰርበት አንድ ሰፊ መንሸራተቻ፣ እየበረረ መጥቶ ገጫት። "ይቅርታ፣ ደህና ነሽ?" አላት። እሷም እንዳሳደግናት "ደህና ነኝ" አለችው። ስሙን ሳይናገር፣ ዕርዳታ ሳይጠራ መንገዱን ቀጠለ።

እኛ ስንወድቅ ቶሎ ብድግ እንላለን። ሰው እንዳይጨነቅብን፣ ደግሞም ወድቀን እንዳንታይ። ልጆቻችንም ይህን ከእኛ ወርሰዋል። ሌላ ቦታ ጨዋነት ነው። ራስ ሲመታ ግን ሊገድል ይችላል። ተዋናይቷ ናታሻ ሪቻርድሰን በማርች 2009 ካናዳ ውስጥ፣ ሞንት ትረምብላንት በተባለው ተራራ፣ ለጀማሪዎች በተዘጋጀ ቁልቁለት ላይ ስትማር ወደቀች። የራስ መከላከያውን ሄልሜት አላደረገችም። ምንም አልሆንኩም ብላ ሕክምና አልፈልግም አለች። ቆይቶ ራሷን አመማት። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች። ከራስ ቅሏ ሥር ደም ፈሶ አንጎሏን ተጭኖት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ መድማት መጀመሪያ ላይ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሰውየው ይስቃል፣ ይራመዳል፣ ያወራል። ከዚያ በድንገት ይወድቃል።

ልጄን ያዳናት ጓደኛዋ ናት እላለሁ። "ደህና ነኝ" ስትላት አላመነቻትም። ልጄ "ስንት ሰዓት ነው?" ብላ ጠይቃ፣ መልሱን ሰምታ፣ ትንሽ ቆይታ ያንኑ ጥያቄ ስትደግምባት ጓደኛዋ ደነገጠች። ወዲያው ስኪ ፓትሮል ጠራች። ነጭ መስቀል ያለበት ቀይ ጃኬት የሚለብሱት የተራራው ዕርዳታ ሰጪዎች ናቸው። አንገቷን አይተው፣ በሸርተቴ አልጋ ላይ አስተኝተው አወረዷት። ሐኪሙ የአንጎል መናወጥ ነው አለ። ዕረፍት ታድርግ፣ እስኪፈቀድላት ድረስ ስኪ የሚባል ነገር እንዳታስብ አለን። ሄልሜቷ ከኋላ ተሰንጥቋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተሰነጠቀው እሱ ነው። እንዲህ የተመታ ሄልሜት ተመልሶ አይደረግም፤ መቀየር አለበት።

ይህን ሁሉ ሳስብ የሚያናድደኝ መገጨቷ ብቻ አይደለም። ሕጉ እኮ ግልጽ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየስኪ ቦታው የሚለጠፍ የኃላፊነት ደንብ አለ። ከ1962 ጀምሮ ነበረ፤ በ2022 ተሻሽሎ አሥር ነጥብ ሆኗል። ቅድሚያ የሚሰጠው ከፊት ወይም ከታች ላለው ሰው ነው ይላል። እሱ አያይህም፤ አንተ ታየዋለህ። ስለዚህ የመጠንቀቁ ግዴታ ያንተ ነው። የኮሎራዶ የስኪ ደኅንነት ሕግም ከ1979 ጀምሮ ይህንኑ ይላል። ሰው ተጋጭቶ ጉዳት ከደረሰ፣ ዕርዳታ ለመጥራት ካልሆነ በቀር ስምና አድራሻን ለፓትሮል ወይም ለቦታው ሠራተኛ ሳይሰጡ መሄድ ክልክል ነው። ወጣቱ ይህን አለማወቁ ይሆናል። ግን ወደ ተራራው የሚያወጣውን ሊፍት ሲጠብቅ ፊት ለፊቱ ተለጥፎ ነበር።

ትናንት ማታ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ የምትኖር የቤተ ክርስቲያን ጓደኛችን ደወለች። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሄዱ ነው። "ምን ላልብሳቸው?" አለችኝ። ስለ ልብስ ብዙ አላወራሁም። ጂንስና ጥጥ ይቅር፣ ሲረጥብ ያቀዘቅዛል። ካልሲ አንድ ብቻ፣ ቀጭን የሱፍ። "ማነው የሚያስተምራቸው?" ብዬ ስጠይቃት ዝም አለች። "ጓደኞቻቸው ያሳዩዋቸዋል መሰለኝ" አለች።

እዚህ ላይ ቆጣ አልኩ። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጓደኛ በሊፍት ይዟቸው ይወጣል፣ "በቃ ተከተለኝ" ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ልጁ መቆም አያውቅም። ሊፍቱ ደግሞ ላይ አድርሶ ይተወዋል። መቆም የማያውቅ ልጅ ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው። ሁለት ሰዓት ከአስተማሪ ጋር መዋል ገንዘብ ያስወጣል፤ አውቃለሁ፣ ቀላል አይደለም። ለኪራይና ለቲኬት ያን ሁሉ ከፍሎ ትምህርቱን መቆጠብ ግን አይገባኝም። ላቭላንድ የሚባለውን የስኪ ቦታ ነገርኳት። ከአይዘንሃወር ዋሻ አጠገብ ነው። ጀማሪዎች የሚማሩበት ለብቻው የሆነ ቦታ አለው፤ ፈጣኖቹ እዚያ አይመጡባቸውም።

ኪራይ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አይዋሹ አልኳት። ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ የሚጠይቁት ለወግ አይደለም። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ባይንዲንግ በዚያ ልክ ነው የሚጠብቀው። ልጁ አፍሮ "በደንብ እችላለሁ" ካለ ያጠብቁታል። ሲወድቅ ስኪው መለቀቅ ሲገባው አይለቀቅም፤ ጉልበቱ ይጠመዘዛል። የስኖውቦርድ ማሰሪያ ደግሞ ጭራሽ አይለቅም። ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ይዘረጋና የእጁ አንጓ ይሰበራል። ትልቁ ልጇ ስኖውቦርድ ነው የሚፈልገው፤ የአንጓ መከላከያ ይግዛ አልኳት።

ከፍታውን እኛ ሐበሾች እንንቀዋለን። "የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁ እንዴ?" እንላለን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ላቭላንድ ገና ከመኪና ሲወርዱ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ አናቱ ወደ 4,000 ይጠጋል። ደግሞ ልጆቹ ያደጉት ዴንቨር ነው፣ 1,600 ሜትር ላይ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሲመጣ ወኔ አያስፈልግም። ውኃ ጠጥቶ ማረፍ፣ ካልተሻለ መውረድ ነው። በፌብሩዋሪ ለፕሬዚዳንቶች ቀን በዓል ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ገብቶ ይገኛል። የሚጾም ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ እዚያ ከፍታ ላይ ከዋለ እግሩ ይከዳዋል። ንስሐ አባቱን ያማክር፣ ወይም ሌላ ቀን ይሂድ። በጾሙ አልከራከርም፤ የምጨነቀው ለልጁ ነው።

ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውንም ተዪው አልኳት። አዲስ በረዶ ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ይልከዋል። ዓይንም ይጎዳል፤ ጎግል የሚሉት የዓይን መከላከያ መነጽር ግድ ነው።

ገመድ የታጠረበት ቦታ ደግሞ አይታለፍም። ከጀርባው ድንጋይ፣ ናዳ በረዶ ወይም ዛፍ ሊኖር ይችላል። ከትልልቅ ጥዶች ሥር በረዶው ልል ይሆናል። እዚያ ውስጥ በጭንቅላቱ የገባ ሰው ብቻውን መውጣት ያቅተዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለዚህ ነው ጓደኛን ከዓይን ማራቅ የማይገባው።

ባለቤቷ ከኋላ ሆኖ ሲሰማን ኖሮ ስልኩን ተቀበላትና "ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ለምን ትልኳቸዋላችሁ?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለሚወዱት እልካቸዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍተው ከሚውሉ እዚያ ቢውሉ ይሻለኛል። ደግሞም ቦታው የእኛም ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተመልሷል። የእሱ ሜዳ ላይ የሚሮጥበት ስኪ ነው፣ የልጆቼ ሌላ። ግን ባንዲራችንን በረዶ ላይ ሲያዩ ልጆቼ የተሰማቸውን አልረሳም።

ዛሬ ጠዋት ጓደኛችን መልሳ ደወለች። ሁለቱንም ለትምህርት አስመዝግባቸዋለች፤ የፓትሮሉን ስልክ ቁጥርም ከስኪ ቦታው ካርታ ላይ አግኝታ ስልካቸው ላይ ጽፋላቸዋለች። ትንሹ አኩርፏል። ጓደኞቹ ላይ ሲሆኑ እሱ ታች መቅረቱ ነው ያናደደው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አግኝቼ አናግረዋለሁ ብያታለሁ።