«ጠጠር ነው» ብዬ ጽፌ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መኪና አስመጪ ድርጅት ጋራዥ ተቀባይ ነኝ። ደንበኛ መኪናውን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ቁልፍ እቀበላለሁ፣ ኪሎ ሜትር እመዘግባለሁ፣ ዞር ዞር ብዬ ጭረት ካለ አያለሁ፣ ከዚያ «ምን ሆነች?» ብዬ የተባልኩትን ካርድ ላይ እጽፋለሁ። በቃ። እናቴ «መካኒክ ነህ ጸሐፊ?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም ብዙ አልከራከራትም ነበር።

በሳምንት ሁለት ሦስት የተሰነጠቀ የፊት መስታወት አናጣም። ባለቤቶቹ የሚሉት አንድ ነው፤ «ምንም አልነካውም፣ በራሱ ነው»። እኛ የምናገኘውም አንድ ነው፤ ጠጠር። ከተማው በሙሉ ቁፋሮ ላይ ነው፣ ሲኖው ጠጠሩን እስከ አፉ ሞልቶ ሸራ ሳያለብስ ይከንፋል፣ ከኋላ ያለው ይቀበላል። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ሲወርዱማ ሽምብራ የምታክል ጠጠር ጥይት ናት። ጠጠር ደግሞ የጋራንቲ ጉዳይ አይደለም። ጋራንቲ ፋብሪካው ያበላሸውን ነው የሚያድሰው። መንገድ የሰበረውን ኢንሹራንስ ይክፈል፣ ያውም ሙሉ ኢንሹራንስ ከተገባ፤ ሦስተኛ ወገን ብቻ ያለው ሰው ለገዛ መስታወቱ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ይህን ንግግር በእንቅልፌም እደግመዋለሁ።

ሴትዮዋ የመጡት ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ሰኞ ጠዋት። ሰኞ ጠዋት የኛ ግቢ መርካቶ ነው። ስድሳ የሚጠጋቸው፣ ነጠላ ያጣፉ፣ የመኪናቸውን ቁልፍ በመሀረብ ጠቅልለው የያዙ ሰው ናቸው። መኪናዋን ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ነው የገዛላቸው። ኤሌክትሪክ ናት፤ በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ግቢያችን የሚገባው አዲስ መኪና ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል። አራት ወሯ ነው፣ 5,200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሄዳለች። ስንጥቁ በስተቀኝ ከታች ጠርዝ ተነስቶ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ መሃል ገብቶ ጠመም ብሏል።

«እናቴ፣ ጠጠር መትቶት ነው» አልኩ። ከወንበሬ ሳልነሳ፣ በመስኮት አይቼ።

«ልጄ፣ ማታ ደህና አቁሜያት ነው የገባሁት። ጠዋት ስወጣ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

«ትናንት ይመታዋል፣ አይታይም። ሌሊት ብርዱ ሲያገኘው ይሰነጠቃል።»

ይህ ውሸት አይደለም። እንዲህ ይሆናል፣ ደጋግሜ አይቻለሁ። የኔ ጥፋት በሌላ መኪና ላይ ያየሁትን እሳቸው መኪና ላይ መጻፌ ነው። ካርዱ ላይ የደንበኛው ቅሬታ የሚሞላበት ቦታ አለ። እሳቸው ያሉት «ጠዋት ተሰንጥቆ አገኘሁት» ነው። እኔ የጻፍኩት «የፊት መስታወት በጠጠር ተመቶ ተሰንጥቋል፣ ጋራንቲ አይሸፍንም» ነው። ፈረምኩ፣ ማኅተም አደረግሁ፣ ቅጂውን ሰጠኋቸው። ከኋላቸው አምስት ሰው ቆሟል።

ይባስ ብዬ መከርኳቸው። «ኢንሹራንስ ይሂዱና ፎርሙ ላይ ጠጠር መታኝ ብለው ይሙሉ፣ ቶሎ ያልቅልዎታል።»

ዝም ብለው አዩኝ። «ያላየሁትን አየሁ ብዬ ልፈርም?»

«ፎርማሊቲ ነው እናቴ።»

ይቺን «ፎርማሊቲ» የምትል ቃል አሁን ሰው ሲላት በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

በአሥረኛው ቀን ተመለሱ። ወረፋ አልጠበቁም፣ ቀጥ ብለው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ አኖሩ። የኢንሹራንሱ ሰው መኪናዋን አይቶ፣ መስታወቱ ላይ የውጭ ምት ምልክት ስላላገኘ ጉዳቱ በውላቸው የሚሸፈን አደጋ አይደለም ብሎ ጽፏል። ለካ እሳቸው ፎርሙ ላይ የሞሉት እውነቱን ነው፤ «ሲመታ አላየሁም፣ ጠጠር ነው ያለኝ የጋራዡ ልጅ ነው»። ቃል በቃል። የጋራዡ ልጅ እኔ ነኝ።

«እናንተ ጠጠር ነው ትላላችሁ፣ እነሱ ጠጠር የለም ይላሉ። እኔ መሃል ቆሜ ማንን ልመን?» አሉ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ፎርማናችንን ጠራሁት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጋራዥ የኖረ ሰው ነው፣ «አንቱ ካልከኝ መፍቻ አላውስህም» ስለሚል ነው እንጂ አባቴ ይሆናል። ኤሌክትሪክ መኪናን «ጎማ ያለው ስልክ» ነው የሚላት። መጣ፣ ደብዳቤውን ከዳር እስከ ዳር አነበበ፣ ካርዴን አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝና «እስክርቢቶህን አምጣ» አለ። ያችኑ «ጠጠር» ብዬ የጻፍኩባትን ቢክ ሰጠሁት።

መጀመሪያ ስንጥቁን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ከዚያ የእስክርቢቶውን ጫፍ ስንጥቁ ላይ አሳርፎ፣ ሳይጫን፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ በጣም ቀስ አድርጎ ሳበው። ጠጠር የመታው ቦታ ጉድጓድ አለው። የመርፌ ጫፍ ብታክል እንኳ እስክርቢቶው እዚያ ሲደርስ ይነክሳል። አልነከሰም። ደገመው። አሁንም የለም። «ጥፍርህን አሂድበት» አለኝ። አስኬድኩት። ለስላሳ ነው። ከዚያ ዳር ዳሩን የያዘውን ጎማ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቀና አደረገውና በባትሪ አበራበት። ስንጥቁ በጥቁሩ ጠርዝ ውስጥ አልፎ እስከ መስታወቱ ጫፍ ድረስ ይሄዳል፤ ከጫፉ ቀጥ ብሎ ተነስቶ ነው ኋላ የጠመመው።

«ጠጠር ሲመታ እንደ ሸረሪት ይዘረጋል ወይ እንደ ኮከብ ይፈነጠራል፣ መሃሉ ላይ ቁስል አለ። ይሄ ከጠርዝ ነው የጀመረው። መስታወቱ ውጥረት ውስጥ ነው የኖረው፣ ብርዱ ሰበብ ሆነው» አለ። ከዚያ ልማዱን ጀመረ። የፊት መስታወት አንድ አይደለም፣ ሁለት መስታወት ነው፣ መሃሉ ስስ ፕላስቲክ አለው፣ ለዚህ ነው የጎኑ እንደ ጨው ሲበተን የፊቱ ተሰንጥቆ የሚቆመው፣ ይሄም ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1909 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት ነገር ነው፣ ብልቃጥ ወድቆበት ሳይበተን ቢቀር ነው አሉ። አዲስ የገባ ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይቀጠርም። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ጠብቀው «ታዲያ ማን ይከፍላል?» አሉት።

ኃላፊያችን ግን ቶሎ አልለቀቀም። እሱም አልተሳሳተም፣ ውርጭ ባለበት ጠዋት የቀዘቀዘ መስታወት ላይ ሙቅ ውሃ የሚደፋ ሰው አለ፣ ያ ደግሞ የፋብሪካ ጥፋት አይደለም። ሴትዮዋን አስቀምጦ በለዘበ ድምፅ ጠየቃቸው።

«ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ላይ ምን ያፈሳሉ?»

«በሃይላንድ የቧንቧ ውሃ።»

«ሙቅ?»

«ሙቅ ውሃ ባገኝ ገላዬን አልታጠብበትም?»

በዚሁ ተዘጋ።

የጋራንቲ ጥያቄውን ለፋብሪካው የላክሁት እኔው ነኝ። የሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎ ሜትር፣ የስንጥቁ ፎቶ፣ መስታወቱ ጥግ ላይ የታተመው የፋብሪካ ምልክት ፎቶ። ምልክቱን የሚጠይቁት መስታወቱ ከመኪናዋ ጋር የመጣው መሆኑን ለማየት ነው። ከሁሉም ጋር ደግሞ የመጀመሪያው ካርድ ቅጂ መያያዝ አለበት። አያያዝኩት። ምን ላድርግ፣ ልቅደደው?

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ኃላፊያችን ቢሮው ጠርቶኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ተረጎመልኝ፤ በራሳችሁ መዝገብ ላይ ጉዳቱ የጠጠር ምት ነው ተብሏል፣ ስለዚህ አንቀበልም። አንድ መስመር ናት። እኔ ሰኞ ጠዋት ወረፋ ለማቃለል የጻፍኳት ቃል ባሕር ተሻግራ ሄዳ ፋብሪካው እጅ ላይ ማስረጃ ሆናለች። በዚያ ላይ የኢንሹራንሱ ደብዳቤ በተቃራኒው ቆሟል። ሴትዮዋም ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ ብለዋል፣ ቢሄዱ ደግሞ ሁለቱም ወረቀት እጃቸው ላይ ነው።

መስታወቱ በኛ ሒሳብ ታዘዘ። በጅቡቲ በኩል እስኪደርስ ሰባት ሳምንት ፈጀ። በነዚያ ሳምንታት ስንጥቁ እየረዘመ ሄዶ ሊስትሮው ጋ ደረሰ፣ አይ ይቅርታ፣ መጥረጊያው ጋ ማለቴ ነው፤ ፎርማኑ የዝናብ መጥረጊያን «ሊስትሮ» እያለ አስለምዶን ነው።

የድሮው መስታወት የወጣ ቀን ፎርማኑ ማንንም አላስነካም። ሙጫው የሚቆረጠው በቀጭን ሽቦ ነው፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆኖ እንደ መጋዝ እየተሳሳበ። ስንጥቁ የሚጀምርበት ጋ ሲደርሱ ሽቦውን አስቁሞ ሙጫውን በምላጭ ዙሪያውን ቆረጠ። መስታወቱ ወጣ፣ ጠረጴዛ ላይ ተገለበጠ። እውነትም ስንጥቁ የተነሳበት ጫፍ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ስብራት አለች፣ በዛጎል ቅርጽ የተፈለጠች። የገረመኝ ስብራቷ አይደለችም። ውስጧ ጥቁር ነው። ከሙጫው በፊት መስታወቱ ላይ የሚቀባው ጥቁር ቅብ፣ ፕራይመሩ፣ ስብራቷ ውስጥ ገብቶ ደርቋል።

«ገባህ?» አለኝ ፎርማኑ።

ገባኝ። ቅቡ ቁስሉ ውስጥ ከገባ፣ ቁስሉ ከቅቡ በፊት ነበረ ማለት ነው። መኪናዋ አዲስ አበባን ሳታይ፣ ሙጫ ሳይነካት፣ ገና ፋብሪካው ውስጥ።

ያችን ጫፍ ከአራት አቅጣጫ አነሳኋት፣ ከጎኗ ማስመሪያ አድርጌ። ከፎቶው ጋር በእጄ የጻፍኩት ማብራሪያም ሄደ። «ካርዱን የሞላሁት መስታወቱን በቅርብ ሳልመረምር ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት። ኃላፊያችን ሦስት ጊዜ አስጻፈኝ፤ ሁለቱን ጊዜ «በሥራ ብዛት ምክንያት» የሚል ሐረግ አስገብቼበት አስወጣኝ። ፋብሪካው የመስታወቱንና የእጅ ዋጋውን ከፈለ። ማመላለሻው እኛ ላይ ቀረ።

አዲሱ መስታወት ከገባ በኋላም አላለቀም። ከመሃሉ ስፖኪዮ ጀርባ መንገዱን የምታነብ ካሜራ አለች፣ የፊት መስታወት በተቀየረ ቁጥር እንደገና ትስተካከላለች፣ ግማሽ ቀን ወሰደች። ሴትዮዋ ሊወስዷት ሲመጡ «ዛሬ ትደር፣ ሙጫው ይድረቅ» አልኳቸው። የጋቢናው ኤርባግ ሲፈነዳ ተደግፎ የሚቆመው የፊት መስታወቱ ላይ ነው፤ ሙጫው ሳይይዝ ቢጋጩ መስታወቱ ተገፍቶ ይወጣል። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ሰሙኝና፦

«ይሄንንስ አይተህ ነው ወይስ ከወንበርህ ሆነህ?»

መኪናዋ አደረች። ቦሎዋ ግን ከድሮው መስታወት ሲላጥ ተቀዳዶ ነበር። ሊብሬያቸውን ተቀብዬ ምትኩን ለማውጣት ቅዳሜ ግማሽ ቀን የተሰለፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

አሁን የተሰነጠቀ መስታወት ሲመጣ ከወንበሬ እነሳለሁ። እርጥብ ጨርቅ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ካርዱ ላይ ደንበኛው ያለውን እሱ እንዳለው እጽፋለሁ፣ ከሥሩ ያየሁትን፦ ከየት ጀመረ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር፣ እስክርቢቶ ነከሰ አልነከሰ። «ጋራንቲ ይሸፍናል አይሸፍንም» የሚለውን ፎርማኑ ካየው በኋላ ነው። አሁንም አብዛኛው ጠጠር ነው። ሰው አሁንም «በራሱ ነው» ይላል። ወረፋው ረዝሟል፣ ኃላፊያችን ያጉረመርማል።

ግንቦት ላይ ሴትዮዋ መጡ። መኪናዋን አቁመው ወረዱና ሳይጠሩኝ የፊት መስታወቱ ጋ ቆመው ጠበቁኝ። መሃል ላይ ከአንድ ብር ሳንቲም ያነሰች ነቁጥ አለች፣ ዙሪያዋ እንደ ኮከብ። በላይዋ እስኮች ለጥፈዋል፣ አቧራና ውሃ እንዳይገባት፤ ያስተማራቸው ፎርማኑ ነው፣ እንዲህ ከተጠበቀች ፈሳሽ ሙጫ ተወግቶላት መስታወቱ ሳይቀየር ትድናለች።

እስኮቹን ራሳቸው ላጡት። ከቦርሳቸው እስክርቢቶ አወጡ፣ መስታወቱ ላይ ሳቡት። ነከሰ።

«ይሄ ጠጠር ነው» አሉ። «ከሲኖ ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሁን ጻፍ።»