ብሪለር ብርሌ አይደለም

ዴንማርክ በገባሁ በአምስተኛው ወር፣ ኦርሁስ ከተማ ውስጥ አንድ የመሥሪያ ቤት ካፍቴሪያ ዕቃ አጣቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ዴኖች ምሳቸውን በጊዜ ነው የሚበሉት። በእኛ አቆጣጠር ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይሰለፋሉ። ሰባት ሰዓት ሲሆን የሳህንና የብርጭቆ ተራራ ፊቴ ይቆማል። ማሽኑ ያጥባል፣ እኔ እደረድራለሁ።

በሁለተኛው ቀን የታጠቡትን ብርጭቆዎች የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እንግሊዝኛ ትችላለች። እኔ ግን በዳንስክ፣ በዴኖቹ ቋንቋ፣ ልጠይቃት ፈለግኩ፤ አዲስ ሠራተኛ ነኝ፣ ትንሽ መታየት አማረኝ። ስልኬን አወጣሁና መተርጎሚያው ላይ በእንግሊዝኛ «ግላስስ» ብዬ ጻፍኩ። «ብሪለር» አለኝ።

ብሪለር! ብርሌ! ጠጅ የጠጣሁበት ብርሌ ባሕር ተሻግሮ ቀድሞኝ መጥቶ ሲጠብቀኝ አሰብኩት። አንድ ቃል በነጻ አገኘሁ ብዬ ትሪውን ታቅፌ ሄድኩ። «ብሪለሮቹን የት ላስቀምጥ?» አልኳት።

ሴትየዋ እጇን ወደ ፊቷ ላከች። መነጽሯን ዳበሰች። እዚያው አለ። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ መነጽር አላደርግም። በመጨረሻ ዓይኗ ትሪው ላይ አረፈ፤ ብርጭቆዎቹ ገና እንፋሎታቸው አልወጣላቸውም። አንድ ጊዜ ሳቅ ስትል ድንች የሚልጠው ልጅ ቢላውን አስቀምጦ መጣ።

በእንግሊዝኛ መነጽርም ብርጭቆም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ዳንስክ ይለያቸዋል፤ ብርጭቆ «ግላስ» ነው፣ መነጽር «ብሪለር»። ያበሳጨኝ ታዲያ ሌላ ነገር ነው። አማርኛም ይለያቸዋል! እናቴ ቤት ብርጭቆና መነጽር ተምታተው አያውቁም። በአፌ ውስጥ ተለያይተው የኖሩትን ሁለት ቃላት ወስጄ አንድ የእንግሊዝኛ ከረጢት ውስጥ ጨመርኳቸው። ከዚያ መተርጎሚያውን «እስቲ ገምት» አልኩት። ገመተ።

ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ የብሪለርን ዘር ማንዘር ፈለግኩ። መነሻው ቤሪል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ነው። ድሮ ለዓይን የሚሆን መስታወት ከእንዲህ ዓይነት ጥርት ያለ ድንጋይ ይሞረድ ነበር። ስሙ ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ጀርመኖች፣ ከእነሱ ወደ ዴኖች ተሻገረ። ይኸው ድንጋይ በራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ላይ ከአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር መሠረቶች ስምንተኛው ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ስሙ ምን መሰላችሁ? ቢረሌ። ጆሮዬ ያን ቀን ጭራሽ ከንቱ አልነበረም እላለሁ። ለኃላፊዋ ግን ይህን ሁሉ አላስረዳሁም።

ከዚያ በፊት የነበረኝ ደብተር ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ዳንስክ። አንድ ለአንድ። ወደ 400 ቃል ደርሼበት ነበር፤ እንደ ንጉሥ መዝገብ ነበር የምይዘው። ጣልኩት። አዲስ ደብተር ገዛሁና ለእያንዳንዱ አሳሳች የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ሙሉ ገጽ ሰጠሁት። ቃሉን ላይ ብቻውን እጽፋለሁ፣ እንደ ተጠርጣሪ። ከሥሩ በአማርኛ ስንት ነገር ማለት እንደሆነ እዘረዝራለሁ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የዳንስኩን ቃል፣ ከዚያም ቃሉን በጆሮዬ የሰማሁበትን ዓረፍተ ነገር። የሰማሁት ከሌለ ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ። ከራሴ ፈጥሬ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ስህተት ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

የመጀመሪያው ገጽ ያው ግላስስ ነው። ሁለተኛው «ፑት» ሆነ፣ እዚያው ዕቃ ማጠቢያው ክፍል። በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገር ፑት ብለህ ትገላገላለህ። በዳንስክ ግን ዕቃው እንዴት እንደሚያርፍ ማየት አለብህ። ቀጥ ብሎ የሚቆመውን «ስቲለ»፣ ተጋድሞ የሚተኛውን «ሌገ»፣ የሚንጠለጠለውን «ሄንገ» ነው የምትለው። ብርጭቆ ይቆማል፤ ገባኝ። ቢላዋ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል፤ ይሁን። ሳህንስ? ጠፍጣፋ ነው፣ ይተኛል ብዬ «ሌገ» አልኩ። አይደለም። ሳህን ጠረጴዛ ላይ ይቆማል! መቀመጫ ስላለው ነው አሉኝ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለበት እያሳዩኝ። ገልብጠህ ብታስቀምጠውስ ብዬ ጠየቅኩ። ስለዚህ ጉዳይ ሁለቱ ምግብ አብሳዮች እስከ ሥራ መውጫ ተከራከሩ።

እኛ በበኩላችን ሁሉንም እናስቀምጣለን። ቃሉን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው፤ ማስቀመጥ ማለት እኮ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ለእኛ ሳህን ይቀመጣል፣ ለዴኖች ይቆማል። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ አማርኛም አላዳነኝም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ «እንግሊዝኛን ትቼ በአማርኛ አሰብኩ፣ ሁሉም ተስተካከለ» የምል እንዳይመስላችሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ «ቲንክ» ነው። አንድ ዓርብ ኃላፊዋ በሆምጣጤና በስኳር የተዘፈዘፈ ሄሪንግ ዓሣ በጥቁሩ ዳቦ ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። ሁሉም ያየኛል። ጎረስኩ። ዓሣው ጣፋጭም ኮምጣጣም ነው፣ ከላዩ ጥሬ ሽንኩርት አለበት። «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ጥሩ ይመስለኛል» ለማለት «ያይ ትሮር ደት ኤር ጎት» አልኳት።

«አልቀመስከውም እንዴ?» አለች።

አፌ ሙሉ ነው! ነገሩ እንዲህ ነው። «ትሮ» እርግጠኛ ላልሆንክበት ነው። ነገ የሚዘንብ ይመስለኛል፣ ባቡሩ የሄደ ይመስለኛል፣ እንዲህ ላለው። ቀምሰህ፣ አይተህ፣ ሰምተህ የራስህን ፍርድ ስትሰጥ «ሲነስ» ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ቲንክ ይላል፤ አማርኛውም ሁለቱንም ይመስለኛል። ገጹ ላይ በትልቁ «ቀምሼዋለሁ?» ብዬ ጻፍኩ። አዎ ከሆነ ሲነስ፣ አይ ከሆነ ትሮ። ፊልምም ሰውም ቤት ኪራይም በዚህ ሚዛን ይለካል። እናቴን ሳስብ ደግሞ ሌላ ነው፤ «ቴንከ ፖ»። በስብሰባ ላይ አቋም የሚይዝ ሰው «ሜነ» ይላል። እኔ ስብሰባ ላይ አቋም ስለማልይዝ ያኛው ቶሎ አልገባኝም።

«ቼንጅ» ላይ የደረሰብኝ ጫማ መሸጫ ውስጥ ነው። የገዛሁት ጫማ ጠበበኝ፣ ልለውጠው ሄድኩ። ከመዝገበ ቃላት ያገኘሁትን የመጀመሪያ ቃል «ኤንድረ»ን ይዤ ገባሁ። ሻጩ ጫማውን አገላብጦ አየና «ምኑን?» አለኝ። ኤንድረ ዕቃውን ራሱን ሌላ መልክ ማስያዝ ነው። ሶሉን ይቀደድልኝ፣ ይሰፋልኝ ያልኩ መስሎታል። አንዱን ሰጥተህ ሌላውን መውሰድ «ቢተ» ይባላል። ፍሬደሪሲያ ጣቢያ ላይ ባቡር ስትቀይር፣ ወይም የሥራ ልብስ ስትቀይር «ስኪፍተ» ነው። ብር ወደ ክሮነር ስትመነዝር «ቬክስለ»። ከሻጩ የምትቀበለው መልስ «ቢተፔንገ» ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል አጥንቼ ጨረስኩ፤ ግን ሳንቲም የሚነካ ሰው ከየት ይምጣ። ሁሉም በካርድ ወይም ሞባይልፔይ በሚባለው የስልክ መክፈያ ነው።

እዚህ ገጽ ላይ የራሳችንም ተንኮል ታየኝ። ታክሲ ውስጥ «ረዳት፣ መልስ!» ስንል የጠየቅነው ጥያቄ ያለ ይመስላል እኮ። ዝርዝርም እንደዚያው ነው፤ ሳንቲምም ነው፣ የስም ዝርዝርም ነው። አንድ ዴን አማርኛ ቢማር እኔ ብሪለር ላይ እንደወደቅኩት እሱም መልስ ላይ ይወድቃል። ይህን ማሰቤ ትንሽ አጽናናኝ።

«ታይም» ደግሞ በሁለት ቋንቋ አሳሳተኝ። የዳንስክ ትምህርት ክፍል ውስጥ «ኮፐንሃገን ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ» ልል «ትሬ ቲደር» አልኩ። ቲድ የሚፈሰው ጊዜ ነው። የሐኪም ቀጠሮም ቲድ ነው። የሚቆጠረው ጊዜ ግን «ጋንግ» ነው፤ ሦስት ጊዜ «ትሬ ጋንገ»። «ስንት ሰዓት ነው?» ደግሞ ክሎከን የሚል ሦስተኛ ቃል አለው። እሱስ አልከበደኝም፣ ሰዓትን እኛም ለብቻው ነው የምንጠራው።

ከዚያ «ዌን» መጣ። ዳንስክ አንድ ጊዜ ለሆነ ያለፈ ነገር «ዳ» ይላል፤ ለሚደጋገም ነገርና ለሚመጣው ጊዜ «ኖር»። መምህራችን «ደን ጋንግ ዳ፣ ቬር ጋንግ ኖር» የምትል ግጥም አስያዘችን። ያን ጊዜ ዳ፣ በየጊዜው ኖር እንደማለት ነው። ክፍሉ ሁሉ ይደግማታል። እኔ ግን ግጥሟ አላስፈለገችኝም። ኖርን ሳያት የአባቴ ሳሎን ነው የመጣብኝ። ሽማግሌ በገባ ቁጥር ሁሉም ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። በገባ ቁጥር። ከዚያ ወዲህ ኖርንና ዳን አምታትቼ አላውቅም። ለጥያቄ «መቼ» ስትል ግን ቃሉ «ቮኖር» ነው፣ ይህንንም ያዙ።

አንዳንዱ ገጽ አጭር ነው። ማወቅ ሦስት ቦታ ይከፈላል። አንድን ነገር ማወቅ «ቬድ»፣ ሰውን ወይም ከተማን ማወቅ «ኬነር»፣ ቋንቋ ማወቅ «ካን»። የቬድ መጨረሻ ላይ ያለችው ድ ደግሞ ድ አይደለችም። ምላስ ታች ተኝታ የምታጉረመርማት ነገር ናት፤ በፊደላችን የለችም። መኖርም ለሁለት ይከፈላል። አድራሻ ሲሆን «ቦ»፣ ሕይወት ሲሆን «ሌቨ»። የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ «ኦርሁስ ውስጥ በሕይወት አለሁ» እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። ስህተት ነው ለማለት ይከብደኛል።

ደስ ያለኝም ገጽ አለ። «ላይት» በእንግሊዝኛ ብርሃንም ነው፣ ክብደት የሌለውም ነው። ዳንስክ ብርሃንን «ሉስ»፣ ክብደት የሌለውን «ሌት» ይላል። ሌት ግን የማይከብድ ሥራንም ይጨምራል። ልክ እንደኛ ቀላል! ቀላል ሻንጣ፣ ቀላል ፈተና። ኃላፊዋ ትልቁን ድስት ሰጥታኝ «ሌት ነው» ስትል ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ድስቱ ግን ቀላል አልነበረም።

አያትም እንደዚሁ ናት። እነሱ «ሞርሞር» እና «ፋርሞር» ይላሉ፤ እናት-እናት፣ አባት-እናት። በእንግሊዝኛ ያደረ ጭንቅላት «የቷ ናት?» ብሎ ይደናገጣል። እኛ ግን «የእናቴ እናት» ስንል ኖረን የለ?

መተርጎሚያውን አልተውኩትም፤ ስጠይቀው ግን ቃል ብቻውን አልሰጠውም። «ግላስስ» ሳይሆን «ውሃ የምጠጣባቸው ግላስስ» ብዬ እጽፋለሁ፤ አጃቢ የሌለው ቃል ይጠፋል። የሰጠኝን የዳንስክ ቃል ወስጄ ደግሞ ወደ ኋላ አስተረጉመዋለሁ። ያን ቀን ብሪለርን ወደ ኋላ ባስተረጉም «መነጽር» ብሎ ያሳፍረኝ ነበር፣ ግን በጓዳ። ዕቃ ከሆነ ሥዕሉን እፈልጋለሁ። ሥዕል አይዋሽም፤ ብሪለር ብላችሁ ሥዕል ብትፈልጉ አንድም ብርጭቆ አይመጣም። የመጨረሻው ዳኛ ግን «ዴን ዳንስከ ኦርድቦ» ነው። በ2003 እና በ2005 መካከል በ6 ቅጽ ታትሞ የወጣ፣ አሁን በኢንተርኔት በነጻ የሚገኝ የዳንስክ በዳንስክ መዝገበ ቃላት ነው። የቃሉን ድምፅም ያሰማል። መጀመሪያ ትርጓሜው ራሱ አይገባህም። ከትርጓሜው ሥር ያሉትን ምሳሌዎች ብቻ አንብብ። እኔ ስድስት ወር ያህል ትርጓሜውን ሳልነካ ምሳሌውን ብቻ ነው ያነበብኩት።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ከዴኖች ጋር እስካሁን አልታረቅሁም። ቅጽ ስሞላ የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ላይ «ጊፍት» የሚል ሳጥን አለ። በእንግሊዝኛ ስጦታ ነው። በዳንስክ ያገባ ማለት ነው። መርዝም ማለት ነው፤ ያው ቃል፣ ያው አጻጻፍ። ባለትዳሮቹን ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም ይላሉ።

አሁን አራት ዓመት ሆነኝ። ከዕቃ ማጠቢያው ወደ ምግብ ማብሰያው ተሻግሬያለሁ፤ ደብተሩ ሦስተኛ ሆኗል። ባለፈው ወር ዓርብ ቀን ኃላፊዋ ቅዳሜና እሁድ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። ኮፐንሃገን ጓደኛዬ ልጁን ክርስትና ያስነሳል። ሳላስብ «ያይ ጎር ቲል ኮፐንሃገን» አልኳት። በእንግሊዝኛ «ጎ» መሄድ ነው፤ ድምፁም ይቀራረባል። በዳንስክ ግን «ጎ» በእግር መሄድ ነው። ከኦርሁስ ኮፐንሃገን ባሕሩን በሚያሻግረው ድልድይ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀናም አላለች።

«እንግዲያው ስንቅ መያዝህን እንዳትረሳ» አለችኝ።