23 ካርታ፦ የአቫታርን ጀብዱዎች በእርሳስ ሳያቸው (የልምድ ማካፈያ)

ሰላም ናችሁ። አቫታር ዘ ላስት ኤርቤንደር የሚባለውን የካርቱን ተከታታይ ለሁለተኛ ጊዜ ጨረስኩት። 61ዱንም ክፍል። በዚህኛው ዙር ግን እርሳስና ባለ ካሬ ደብተር ይዤ ነው ያየሁት።

ስቶሪቦርድ (ፊልም ከመሠራቱ በፊት ትዕይንቶቹ በተርታ የሚሳሉበት) መሳል እየተማርኩ እንደሆነ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ። ፊት መሳል ላይ ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ ቦታ ነው። የምስላቸው ሰዎች ሁሌ ባዶ ወረቀት ላይ ነበር የሚቆሙት፤ ከኋላቸው ግድግዳ የለ፣ ከእግራቸው ስር መሬት የለ። ስለዚህ ለራሴ የቤት ሥራ ሰጠሁ። አንድ የጀብዱ ክፍል አያለሁ፣ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ታሪኩ የተፈጸመበትን ቦታ ካርታ በቃሌ እስላለሁ። በሩ የት ነበር፣ ከየት ገቡ፣ በየት ወጡ፣ ጠባቂው የት ቆሞ ነበር። ቀጥዬ ክፍሉን ደግሜ አይና በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። ከመስከረም እስከ ሰኔ እንዲህ እያልኩ 23 ካርታ ሠራሁ። መብራት በጠፋባቸው ማታዎች በሻማ የሠራኋቸውም አሉበት።

ስጀምር አንድ ግምት ነበረኝ። ካርታው በቃል ከተሳለልኝ ክፍሉ ጥሩ ጀብዱ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ግምቱ ግማሹ ትክክል ነው። ሌላኛውን ግማሽ ያስተካከለልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ 10 ዓመቱ ነው፣ ከጎኔ ተቀምጦ ነው ሁሉንም ያየው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ተከታታዩ በኒኬሎዲዮን የልጆች ቴሌቪዥን ላይ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2005 እስከ ሐምሌ 2008 የታየ ነው። የፈጠሩት ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒትዝኮ ናቸው። ሦስት መጽሐፍ ተብሎ ይከፈላል፤ ውኃ፣ ምድር፣ እሳት። በዚያ ዓለም ውኃ የሚያዙ፣ አፈር የሚያዙ፣ እሳት የሚያዙ ሰዎች አሉ። አየር የሚያዙት አልቀው አንድ የ12 ዓመት ልጅ ብቻ ቀርቷል። አንግ ይባላል። 100 ዓመት በበረዶ ውስጥ ተኝቶ ሲነቃ ዓለሙ ጦርነት ላይ ነው። አራቱንም የሚያዝ እሱ ብቻ ነው፣ ግን ገና አልተማረም። ጉዞው እዚያ ላይ ይጀምራል። አንድ ነገር ለሚስል ሰው ልጨምር፤ እንቅስቃሴያቸው ከእውነተኛ የቻይና የፍልሚያ ስልቶች የተወሰደ ነው። ውኃው ከታይ ቺ፣ ምድሩ ከሁንግ ጋር፣ እሳቱ ከሰሜን ሻኦሊን፣ አየሩ ከባጓ። ስለዚህ ሰውየው ሲቆም እግሩን ብቻ አይታችሁ የየትኛው ወገን እንደሆነ ትለያላችሁ። እግር መሳል የተማርኩት ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ካርታዬ የመጀመሪያው መጽሐፍ 13ኛ ክፍል ነው፣ ሰማያዊው መንፈስ የሚባለው። አንግ ተይዞ ምሽግ ውስጥ ታስሯል። ጓደኞቹ ታመው ተኝተዋል፣ የሚመጣለት ሰው የለም። በሌሊት አንድ ሰማያዊ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ብቻውን ይገባል። አንዲት ቃል አይናገርም። ይህ ክፍል ለካርታ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። በግንብ ላይ ግንብ፣ በበር ላይ በር፣ ቀስተኞቹ ከላይ። ሲወጡ በመሰላል እንደ ረጅም እግር እየተራመዱ ግንብ ለመሻገር ይሞክራሉ። አልሆነም። መጨረሻ ላይ ጭምብል ያጠለቀው ሰይፎቹን አንግ አንገት ላይ ያደርጋል፤ ጠላት አንግን በሕይወት ይፈልገዋልና በሩን ከፍቶ ይለቃቸዋል። ጭምብሉ ሲነሳ ደግሞ ዙኮ ነው፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አንግን የሚያሳድደው ልዑል። አንግ ጥሎት መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ድሮ ስለነበረው የእሳት አገር ጓደኛው አወራለት፣ ጓደኛ መሆን እንችል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ዙኮ በእሳት መለሰለት።

ካርታውን በአንድ ጊዜ ሳልኩት። ግምቴ ትክክል ነው አልኩ።

ከዚያ ታላቁ ገደል መጣ፣ 11ኛው ክፍል። ቅደም ተከተሉን ሳልጠብቅ ነበር የምሠራው። ሁለት የተጣሉ ጎሳዎች አንድ ገደል አብረው ይሻገራሉ። ገደሉን በአምስት ደቂቃ ሳልኩት። ካርታው ያምራል። ክፍሉ ግን አልያዘኝም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበርና ደብተሩን ለእህቴ ልጅ አሳየሁት።

«ምን ወሰደባቸው?» አለኝ።

«ማን?»

«ገደሉ። ገብተው ወጡ። ምን ቀማቸው?»

ምንም። ምግባቸውን አጡ እንጂ ሌላ ምንም አልቀማቸውም። እንደገቡ ወጡ። አንግም ጠባቸውን የፈታው በውሸት ተረት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ካርታ ጥግ ላይ «ምን ወሰደ?» ብዬ እጽፋለሁ። ሰማያዊው መንፈስ ላይ ተመልሼ ስጽፍ መልሱ ቀላል ሆነ። ምሽጉ የአንግን ተስፋ ነው የወሰደው። ለዙኮ ደግሞ «ይህ ልጅ ጠላቴ ነው» ብሎ በቀላሉ መተኛትን ወሰደበት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ሁለተኛው መጽሐፍ፣ 10ኛ ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍቱ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከ61ዱ ምርጡ የጀብዱ ክፍል ይህ ነው፣ ለመከራከርም ዝግጁ ነኝ።

በረሃ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ ይባላል። ሲደርሱ ሕንፃ የለም፣ ከአሸዋው የወጣች አንዲት የግንብ ጫፍ ብቻ አለች። ሕንፃው በሙሉ ተቀብሯል። ስለዚህ የሚገቡት በጫፉ መስኮት በገመድ ነው፣ ወደ ታች። እርሳሴን ይዤ ስቀመጥ የመጀመሪያውን መስመር የት እንደማሰምር ጠፋኝ። ሁልጊዜ ካርታ የምጀምረው ከበር ነው፣ እዚህ ግን በሩ ጣሪያው ላይ ነው። ወረቀቱን በቁመት አዙሬ ከላይ ወደ ታች ሳልኩት። ከዚያ በፊት አንድም ነገር በቁመት ስዬ አላውቅም።

የቤቱ ጌታ ዋን ሺ ቶንግ የሚባል ግዙፍ ጉጉት ነው፣ መንፈስ ነው። ቦታው ሕግ አለው። የሚገባ ሰው አዲስ እውቀት ይሰጣል፣ ያገኘውንም ሌላ ሰው ለመጉዳት አይጠቀምበትም። የአንግ ጓደኛ ካታራ ውኃ የማዘዝ ጥቅልል ሰጠች። አንግ የራሱን የ«ይፈለጋል» ማስታወቂያ ሰጠ። የካታራ ወንድም ሶካ ምንም አልነበረውም፣ ቁጭ ብሎ በክር አንድ ቋጠሮ ቋጠረ። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ አስቆመኝ። እሱ ቢሆን የቡሄ ጅራፍ አገማመድ እንደሚሰጥ ነገረኝ፤ ጉጉቱ በእርግጠኝነት አያውቀውም አለ። እኔም አያውቀውም ባይ ነኝ።

ሶካ ሕጉን ጣሰ። የእሳት አገር ሰዎች ስለራሳቸው የተጻፈውን ሁሉ አቃጥለው ነበርና እሱ በሌላ መንገድ ሄደ። ሰማይን የሚያሳይ ትልቅ ክፍል አገኘ፣ ቀን እያዞረ አየና የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን እሳት የሚያዙት ኃይላቸው እንደሚጠፋ ደረሰበት። ጦርነቱን የሚያሸንፍ እውቀት ነው። ጉጉቱም ይህንኑ ነው የፈራው። ሕንፃውን ወደ አሸዋው ያሰምጠው ጀመር።

ውጭ ደግሞ ቶፍ አለች፣ ዓይነ ስውሯ ልጅ። መጻሕፍት ምን ያደርጉልኛል ብላ ከአፓ ጋር ቀርታ ነበር። አፓ የሚበረው ትልቁ እንስሳቸው ነው፣ ቤታቸውም መጓጓዣቸውም። ቶፍ የምታየው በእግሯ ነው፣ በመሬት ንዝረት። በአሸዋ ላይ ግን ሁሉ ነገር ይደበዝዝባታል። ግንቡ መስመጥ ሲጀምር በሁለት እጇ ያዘችው። በዚያው ሰዓት የበረሃ ሌቦች አፓን በገመድ ይጎትቱታል። ግንቡን ብትለቅ ጓደኞቿ ይቀበራሉ። ካልለቀቀች አፓ ይሄዳል። አልለቀቀችም።

እዚህ ደብተሬ ላይ ሁለት ካርታ ጎን ለጎን ነው ያለው፣ የውስጡና የውጪው፣ በመሃላቸው ቶፍ። ለስቶሪቦርድ ከዚህ በላይ ትምህርት አላገኘሁም። ውስጥ ያሉት ወደ ላይ በሮጡ ቁጥር ውጭ ያለው ይርቃል። «ምን ወሰደ?» በሚለው ስር አንድ ቃል ነው የጻፍኩት፣ አፓ። የወሰደውንም ቶሎ አልመለሰም። በ10ኛው ክፍል የጠፋው አፓ ከነአንግ ጋር የሚገናኘው በ17ኛው ነው። ቀጣዩ ክፍል፣ በረሃው፣ ካርታም የለውም፤ አሸዋ ነው፣ ወረቀቱ ባዶ ቀረ። ያ ባዶ ወረቀት ግን ትክክለኛው ካርታ ነው ብዬ አምናለሁ። አንግ በንዴት ራሱን ስቷል፣ ቶፍ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላለች፣ ካታራ ብቻዋን ውኃ እያካፈለች ሁሉንም ትጎትታለች።

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። የባ ሲንግ ሴ ታሪኮች የሚባለው 15ኛው ክፍል ጀብዱ አይደለም፣ ካርታም አልሠራሁለትም። ግን እናቴ ሙሉውን ያየችው ብቸኛው ክፍል እሱ ነው። የዙኮን አጎት አይሮን ትወደዋለች፣ «ሻይ የሚያፈሉት አባት» ነው የምትለው። ቀኑን ሙሉ የከተማውን ሰው ሲያጽናና ይውልና ማታ ኮረብታ ላይ ዛፍ ስር በጦርነት የሞተውን የልጁን ሥዕል አስቀምጦ ይዘፍናል። ድምፁን የሰጠው ተዋናይ ማኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ስላረፈ ያ ክፍል ለእሱ መታሰቢያ ሆኗል። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። «ልጃቸው ነው አይደል?» አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። አዎ አልኳት። ያን ቀን እርሳስ አልነካሁም።

ሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ የሚፈላው ዐለት አለ፣ 14ኛና 15ኛ ክፍል። እሳተ ገሞራ ውስጥ የሚፈላ ሐይቅ፣ በሐይቁ መሃል ደሴት፣ በደሴቱ ላይ እስር ቤት። መግቢያና መውጫው በገመድ የሚንጠለጠል ሳጥን ብቻ ነው። ሶካ አባቱን ፍለጋ ከዙኮ ጋር ይገባል፤ ዙኮ በዚህ ጊዜ ወደ እነአንግ ወገን ዞሯል። ካርታው ላይ የሠራሁት ስህተት ብዙ አስተምሮኛል። እስር ቤቱን ከዳር በጣም አቅርቤ ሳልኩት፤ ወረቀቱ አልበቃ ብሎኝ ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ትዕይንት በስቶሪቦርድ ልሠራ ስል ምንም አያስፈራም። ሳጥኑ በገመድ እየሄደ፣ ጠባቂዎቹ ገመዱን እየገዘገዙ ነው፣ እኔ ወረቀት ላይ ግን ሁለት እርምጃ ናት። ሁለት ገጽ አያይዤ እንደገና ሳልኩት። ያኔ ፍርሃቱ መጣ። ርቀት በራሱ ፍርሃት ነው። አሁን ማንኛውንም ካርታ ስጀምር መጀመሪያ አንድ ሰው በትንሹ አቆማለሁ፣ ሌላውን በእሱ ልክ እለካለሁ። በነገራችን ላይ ገመዱ እንዳይቆረጥ ያደረገችው ዙኮን የምትወደው ሜይ ናት። ስትፈራት ለኖረችው ለዙኮ እህት ለአዙላ እንቢ ስትል ዋጋውን ታውቀዋለች። ያ ቦታ የወሰደው ነፃነቷን ነው።

ከዚህ በኋላ የራሴን የጀብዱ ታሪክ መሞከር ነበረብኝ። ፋሲል ግቢን መረጥኩ። ሩቅ አልሄድኩም፣ እዚሁ ጎንደር ከፒያሳ በእግር የሚደረስ ነው። ዙሪያው 900 ሜትር ግንብ ነው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ካርታውን በቃልህ ሳል ስባል የፋሲልን ግንብ ብቻ ስዬ ቆምኩ። ተወልጄ ያደግኩበት ነው። ሰማያዊው መንፈስ የገባበትን ምሽግ ከዚህ በተሻለ አውቀዋለሁ ማለት ነው፤ ይህ አሳዘነኝ። በሁለት ቅዳሜ በውጭ በኩል ዞርኩት፣ እርምጃ እየቆጠርኩ። ውስጡንም ገባሁ። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት እዚያው አለ፣ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ።

በሮቹ ናቸው የገረሙኝ። 12 ናቸው ይባላል፣ ስማቸው ራሱ ሕግ ነው። እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር፣ እርግብ በር። ሁሉም ሰው በሁሉም በር አይገባም ነበር ማለት ነው። ቦታው ሕግ አለው። እኔ ከአእምሮዬ የምፈጥረው ነገር አልነበረም።

ታሪኬ አሁን እዚህ ደርሷል። ሁለት ልጆች በሌሊት በእምቢልታ በር ይገባሉ። በዚያ በር የገባ ድምፁን በር ላይ ትቶ ነው የሚገባው። ውስጥ መነጋገር አይችሉም፣ በእጅና በዓይን ብቻ። ሰማያዊው መንፈስ ዝምታ እንደሚያምር አስተምሮኛልና ይህን ወደድኩት። ስድስት ገጽ ሳልኩ። የእህቴ ልጅ አየውና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ሲወጡ ድምፃቸውን ይመልስላቸዋል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ወሰደባቸው?»

ሰባተኛውን ገጽ አራት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ምናልባት የአንዱን ብቻ ይመልስ ይሆናል። ምናልባት የወሰደውን ከብዙ ገጽ በኋላ ይመልስ ይሆናል፣ እንደ አፓ። የፊታችን ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ እርግብ በር ጋ እቀመጣለሁ፣ እሱም አብሮኝ ይመጣል። ከእናንተ መሃል በእርሳስ ብቻ ያረጀ የድንጋይና የኖራ ግንብ የሳለ ካለ ጥላውን እንዴት እንደሠራው ይንገረኝ። የእኔ እስካሁን አዲስ ብሎኬት ነው የሚመስለው።