የአክስቴ ጣቢያዎች

እሁድ ጠዋት አክስቴን ይዤ ከስታዲየም ወደ ለገሃር ወረድን። ጉልበቷን ስለሚያማት የአስር ደቂቃው መንገድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። የአንበሳው ሐውልት ጋ ስንደርስ ቆመች። ቀና ብላ አየችውና «ይሄ እንኳን ሮም ደርሶ ተመልሷል። አንተ ድሬ መድረስ አቃተህ» አለችኝ።

ምን እላታለሁ? አንበሳውን ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ወስደውት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። እኔ ግን አዲስ አበባ ተወልጄ ለገሃርን የማውቀው በታክሲ ሰልፍ ብቻ ነው። ስሙ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል እንደመጣ፣ ትርጉሙም ጣቢያ እንደሆነ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ስለዚህ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል «ጣቢያ ጣቢያ» ማለታችን ነው። እስካሁን ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይሄ የጣቢያው ህንጻ የተመረቀው ደግሞ በ1922። አክስቴ ግን ለዓመተ ምህረት ግድ የላትም። እሷ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አንድ ሻንጣ ይዛ በባቡር መጥታ፣ እዚሁ በር ላይ ወርዳ ነው አዲስ አበቤ የሆነችው። አገሩን የምታውቀውም በባቡሩ መስኮት በገዛችው ነገር ነው። ኤረር ማለት ለእሷ ብርቱካን ነው። ሚኤሶ የግመል ወተት። መተሐራ ሸንኮራ አገዳ። አዳማን ዛሬም ናዝሬት ነው የምትለው፣ ቢሾፍቱንም ደብረዘይት። አዋሽ ደግሞ ፊናንስ ነው፣ ኮንትሮባንድ የሚፈትሸው የጉምሩክ ፖሊስ።

የፊናንሱን ወሬ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ድሬ ላይ ቀጭን ሆና የተሳፈረች ሴት፣ አዋሽ ኬላ ስትደርስ የዘጠኝ ወር እርጉዝ ትሆናለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሆነ ፊናንሱም ያውቃል፣ ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። «አንቺስ እቴቴ?» ስላት «አቦ ተወኝ!» ብላ ትስቃለች። እርጉዝ ሆና እንደነበር ከሳቋ ገባኝ።

ባለፈው ወር ቆርጬ ተነሳሁ። በአዲሱ ባቡር ነው የሄድኩት። ይሄኛው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው፣ መንገደኛ መጫን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ። መነሻው ለገሃር አይደለም፣ ፉሪ ለቡ ነው። ከካዛንቺስ ለቡ መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ገና ሳይነጋ ወጥቼ፣ በላብ ተጠምቄ ደረስኩ። ባቡሩ ንጹህ ነው፣ ፈጣንም ነው። ችግሩ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ርቀው ነው የተሠሩት። ቢሾፍቱ ላይ ሆራን አያለሁ ብዬ አንገቴን ባሰግግ ሜዳ ብቻ። ሐይቆቹን የሚፈልግ ሰው ወርዶ መኪና መፈለግ አለበት። ሞጆም እንደዚያው አለፈ፣ አዳማም። መስኮቴ ሥር መጥቶ «እንቁላል፣ እንቁላል!» ያለኝ ሰው የለም።

ከአዳማ በኋላ ግን ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። መሬቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ግራሩ ይበዛል። ፈንታሌ ተራራ ብቻውን ጉብ ብሎ ቆሟል። እዚያው መተሐራ ጋ ያለው በሰቃ ሐይቅ ደግሞ የጉድ ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ አሁን ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማ ነው፣ ለመስኖ አይሆንም፣ እየገፋ መንገድና ሐዲድ ሲበላ ኖሯል። አክስቴ «በኛ ጊዜ ኩሬ ነበር» ስትል የምታጋንን ይመስለኝ ነበር።

አዋሽ ወረድኩ። ከ2300 ሜትር በላይ ተነስቼ ከ1000 በታች። ሹራቤን ይዤ መምጣቴ አሳፈረኝ። በባጃጅ ወደ አሮጌው ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ቡፌ የሚባል የባቡሩ ዘመን ምግብ ቤት አለ፣ ዛፍና አበባ የበዛበት ግቢ። ድሮ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ጉዞው 3 ቀን ይፈጅ በነበረበት ጊዜ፣ መንገደኛው አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ያድር ነበር። ቁጭ ብዬ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ጨረስኩ። ከፊቴ የዛገ ሐዲድ፣ ሐዲዱ ላይ ፍየል። ፓርኩ እዚያው አጠገብ ነው፣ ሳላው፣ ፏፏቴው፣ ፍል ውሃው። ያለ መኪና ስለማይሆን ተውኩት። በቡድን ሄዶ መኪና መከራየት ይሻላል፣ ብቻዬን መሄዴ ስህተት ነበር።

ለአክስቴ ደወልኩላት። «አዋሽ ነኝ እቴቴ!»

«ፊናንስ አልያዘህም?»

«አልያዘኝም።»

«እና ምን ይዘህልኝ ትመጣለህ?»

ምንም አልያዝኩም ነበር። ዛሬ ለገሃር ያመጣኋት ለዚያ ካሳ ነው። ጣቢያው ግን ተዘግቷል፣ ዙሪያው ግንባታ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ትኬት የሚቆረጥበትን፣ ተሸካሚዎቹ የሚቆሙበትን በጣቷ አሳየችኝ። ድሬን ራሷን ባቡሩ እንደወለዳት ነገረችኝ። ሐዲዱ ሐረር ሊገባ ታስቦ ተራራው አላስኬድ ስላለ፣ ከሥር ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ከተማዋ እዚያው በቀለች። የከዚራን ጥላ፣ የቀፊራን ገበያ ሳታይ ምን አየሁ ትላለህ ብላ እንደገና ወቀሰችኝ። ቀላል ባቡሩ በአጠገባችን ሲያልፍ ዞር ብላም አላየችው።

ስንመለስ መንገድ ዳር በጋሪ ብርቱካን የሚሸጥ ልጅ አገኘን። አንዱን አንስታ አሸተተች።

«የት ነው የመጣው?»

«የት እንዲሆን ነው የሚፈልጉት እማማ?»

«ኤረር።»

«የኤረር ነው።»

«ውሸታም» አለችውና ሁለት ኪሎ አስመዘነች።