ሽቅቡንማ ሁሉም ይወጣዋል፦ ለቦክስ ተሳቢያችን መኪና ስንፈልግ የገጠመን

ባህር ዳር ውስጥ ሳውንድ ሲስተምና ስቴጅ ሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ነው ምሰራው፣ የጀነሬተርና የመኪና ጣጣ የኔ ነው። እትዬ (የድርጅቱን ባለቤት ሁላችንም እንደዛ ነው ምንጠራቸው) ከአዲስ አበባ ባለ ሁለት አክስል ዝግ ቦክስ ተሳቢ አሰርተው አስመጡ። ሃሳቡ መጥፎ አይደለም። ስፒከሩ፣ ሚክሰሩ፣ ኬብሉ፣ ጀነሬተሩ ሁሉም እዛው ውስጥ ይከርማል፣ ዝናብ አያገኘውም፣ ስራ ሲመጣ ማንጠልጠልና መሄድ ብቻ ነው፣ ድሮ ለየሰርጉ አይሱዙ እየተከራየን ስንጭን ስናወርድ የተሰባበረው እቃ ብቻውን ሌላ ተሳቢ ያሰራ ነበር። ችግሩ ተሳቢው መኪናውን ቀድሞ መጣ። ያለችን አንዲት አሮጌ ሃይሉክስ ናት፣ 5ኤል ሞተር፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ ሚያስገባው) የላትም፣ እንኳን ይሄን ልትጎትት ባዶዋንም ከሆነች ዳገት ላይ ታለቅሳለች።

እና መኪና ፍለጋ ተጀመረ። ደላላ መቼም ሽታውን ካገኘ አይለቅም፣ አንዱ አንድ የሚያብረቀርቅ ደብል ካብ ይዞ መጣ፣ ቱርቦ ዲዝል፣ አውቶማቲክ፣ ውስጡ ቆዳ በቆዳ። "3 ቶን ተኩል ይጎትታል፣ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል" አለ። አካውንታንታችን መኪናዋን ገና ስታያት ወደደቻት፣ ለባንክም ለደንበኛም ለሁሉም ትሆናለች አለች፣ ሰራተኛውም አምስት ሆኖ ተዝናንቶ ይሄዳል። ጋሼ፣ ሹፌራችን፣ የድሮ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሰው ናቸው፣ መኪናዋን አንዴ ዞረው አይተው "ቆንጆ ናት" አሉና ዝም አሉ። ጋሼ ዝም ካሉ ነገር አለ ማለት ነው።

ደላላው ሙከራ ብሎ ያሳየን በሐሙሲት በኩል እስከ ወረታ ነበር። የጣና ዳርን መንገድ ምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ (በ2016 ግንቦት የተመረቀው፣ 380 ሜትሩ) ካለፋችሁ በኋላ ፎገራ ድረስ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው፣ ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳ፣ እዛ ላይ ማንኛውም መኪና ጀግና ነው። ቦክሱን አንጠልጥላ ሽው አለች። እትዬ ደስ አላቸው፣ ቀብድ ሊከፍሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ሁለት ነገር ጠየኩ፣ አንደኛ ይሄ ተሳቢ ስንት ኪሎ ነው? ሁለተኛ ፍሬኑ በማን ነው ሚታዘዘው? ለመጀመሪያው ሁሉም በአፉ ግምት መለሰልኝ፣ አንዱ ሁለት ቶን አንዱ ሁለት ተኩል። ለሁለተኛው ደላላው "መኪናዋ ኤቢኤስ አላት ባክህ" አለኝ። ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ሚያደርገው) ያላት መኪናዋ ናት እንጂ ተሳቢው አይደለም። ተሳቢው የኤሌክትሪክ ፍሬን ነበረው፣ ድራሙ ውስጥ ማግኔት አለ፣ ሽቦውም እስከ ሶኬቱ ድረስ መጥቷል፣ ግን መኪናዋ ላይ ያንን ሽቦ ሚያዝ ኮንትሮለር ሚባለው ሳጥን አልተገጠመም። መብራቱ ብቻ ነው ሚሰራው። እንግዲህ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ማለት ነው፣ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ፒካፕ መጽሐፉ ላይ ሚፈቅደው 3 ቶን ተኩል ሳይሆን 750 ኪሎ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እዛው ገጽ ላይ ጎን ለጎን ነው ሚጻፉት፣ ደላላ ትልቁን ብቻ ነው ሚያነበው።

ሳጥኑ እስኪገኝ እንጠብቅ አልኩ፣ ግን ቡሄ ደረሰ። ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ምን እንደሚመስል መቼም አልነግራችሁም፣ በዓሉ የስሟ በዓል ነው፣ ስራው ተይዟል፣ ቀብድ ተበልቷል። የመኪናዋ ባለቤት "ውሰዷት፣ በዛው ሞክሯት፣ ሹፌርም አብሬ እልካለሁ" አለ። አንድ ወጣት ልጅ ላከልን፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ተሳቢ ጎትቶ አያውቅም። ጋሼ ጋቢና ከጎኑ ተቀመጡ፣ እኛ ሦስታችን ከኋላ፣ ትርፍ ኬብሉና የስቴጁ ብረት የፒካፑ ጭነት ላይ።

ወረታ ድረስ አሁንም ቀላል ነው። ከወረታ ወደ ምስራቅ ሲታጠፉ ግን ነገሩ ይቀየራል። ጣና ዳሩ ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ነው፣ ደብረ ታቦር ወደ 2,700፣ ያን 900 ሜትር በ40 ምናምን ኪሎሜትር ውስጥ ነው ምትወጡት። እውነቱን ለመናገር ሽቅቡን ደብል ካቧ አሳመረችው። ቱርቦ ያለው ሞተር ከፍታው ብዙ አይጎዳውም፣ ቱርቦ የሌለው ግን በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ገደማ ያጣል፣ የኛ አሮጌዋ ብትሆን ዓለም በር ላይ አቁመን እየገፋን ነበር። ልጁ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ "አያችሁ ጋሼ?" ይላል። ጋሼ "ሽቅቡንማ ሁሉም ይወጣዋል ልጄ" አሉት፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በዓሉ ግሩም ነበር፣ እሱን እንለፈው።

በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ ዝናብ፣ ጉም፣ አስፋልቱ እርጥብ። ልጁ ማርሹን ዲ ላይ ትቶ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ይዞት ይወርዳል፣ ይነካል ይለቃል ይነካል ይለቃል። ጋሼ ሁለት ጊዜ "ማርሹን ቀንሰው" አሉት፣ እሱም "አውቶማቲክ ነው ጋሼ፣ ራሱ ያውቃል" አላቸው። የክብደቱን ነገር እስቲ አስቡት፣ መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ 6 ቶን አካባቢ ነገር 900 ሜትር ሲወርድ ሚለቀው ጉልበት ወደ 150 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ያ ሁሉ ወይ ሞተሩ ላይ ወይ ንፋሱ ላይ ወይ ፍሬኑ ላይ መውጣት አለበት። የኛ በአብዛኛው የወጣው አራቱ የመኪናዋ ጎማዎች ፍሬን ላይ ነው፣ የተሳቢው አራት ጎማ በነጻ ነው ሚሽከረከረው።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ያን ሽታ ሚያውቅ ያውቀዋል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ። ከዛ ልጁ ፔዳሉን ሲረግጥ መኪናዋ እንደ ቅድሙ አትይዝም፣ ተሳቢው ከኋላ ይገፋታል። ከፊት ከብት እየነዱ ያሉ ልጆች አሉ፣ ባጃጅም አለ። ልጁ ደነገጠና መሪውን ነቅነቅ አደረገው፣ ተሳቢው ጭራውን እንደ አዞ ግራ ቀኝ መታው፣ እኛ ከኋላ መስኮቱ ላይ ተለጠፍን። ጋሼ አልጮኹም። ማርሹን በእጃቸው ወደ ማንዋሉ ስበው አንድ ዝቅ፣ ሌላ አንድ ዝቅ አደረጉት፣ ሞተሩ አጓራ፣ "መሪውን ቀጥ አርገህ ያዝ፣ ሌላ ምንም እንዳትነካ፣ ክላክስ ብቻ" አሉት። ፍጥነቱ ሲቀንስ መወዛወዙም ቀነሰ፣ ከብቶቹ ተበተኑ፣ ትንሽ ሽቅብ ነገር ስናገኝ ዳር ይዘን ቆምን። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከፊት ጎማ ጭስ ይወጣል። አንድ የአካባቢው ሰው ለበጎ ብሎ በጀሪካን ውሃ ይዞ ሲሮጥ መጣ፣ ጋሼ ያኔ ነው የጮኹት፣ "ኧረ ተው! እንዳታፈስበት!" የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሱበት ዲስኩ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ሰውዬው ትንሽ ቅር ብሎት ውሃውን ለኛ አጠጣን። በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ ቆየን፣ የቀረውን ጋሼ ራሳቸው በዝቅተኛ ማርሽ እየጎተቱ አወረዱት፣ ልጁም ከጎን ሆኖ ያያል።

ባህር ዳር እንደገባን መጀመሪያ ያደረግነው ተሳቢውን የመኪና ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። 3,380 ኪሎ። ሁለት ቶን ያለው ሰውዬ እስካሁን አይን አይኔን አያይም። ከዛ ጋንቾው (ተሳቢው ከመኪናው ሚያያዝበት) ላይ ሚያርፈውን ክብደት ለማወቅ ከእህል ነጋዴ ሚዛን ተውሰን የተሳቢውን አፍንጫ በጣውላ አስደግፈን አሳረፍንበት፣ 130 ኪሎ። ይሄ ትንሽ ነው፣ የጠቅላላው አንድ አስረኛ ገደማ መሆን ነበረበት፣ ማለትም 340 አካባቢ። ምክንያቱን ስናይ ጀነሬተሩ ለማውረድ እንዲመች ተብሎ ከኋላ በሩ ስር ነው የተቀመጠው። ኋላው ከከበደ አፍንጫው ይቀላል፣ አፍንጫው ከቀለለ ጭራው ይወዛወዛል፣ ቁልቁለቱና ንፋሱ ደግሞ ያባብሱታል፣ ቦክስ ስለሆነ ጎኑ እንደ ግድግዳ ነው። ጀነሬተሩን ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት አመጣነው፣ በሚዛን እያየን።

ከዛ ከእትዬ ጋር ወረቀት ይዘን ቁጭ አልን። የተሳቢው ፍሬን ቢስተካከል እንኳን ሌላ ሂሳብ አለ። መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ ማለፍ የሌለባቸው ጠቅላላ ክብደት አለ። ለምሳሌ ገደቡ 5.8 ቶን ይሁን፣ ፒካፑ ባዶውን 2.1፣ አምስት ሰው 350 ኪሎ፣ ከኋላ የጫንነው 300 ኪሎ፣ ይሄ 2.75 ሆነ፣ ተሳቢው 3.38፣ ድምሩ 6.13። አለፈ። እና ያ "3 ቶን ተኩል ይጎትታል" ሚባለው ሰውም እቃም ሳትጭን ነው ባጭሩ። አካውንታንታችን ሂሳቡን ደግማ ደምራ አየችና ዝም አለች።

79 ላንድክሩዘር ፒካፕም ተነስቶ ነበር። ሻንሲዋ ብረት ነው፣ መለዋወጫዋ የትም አለ፣ ግን እኛ አገር በብዛት ያለችው 1ኤችዜድ ሞተሯ 4.2 ሊትር ሆና ቱርቦ የላትም፣ ቶርኳ (የመጎተት ጉልበቷ) 285 ኒውተን ሜትር ነው፣ አዲሱ 2.8 ቱርቦ ሃይሉክስ አውቶማቲኩ 500 ሲሆን። ከፍታው ደግሞ ከዛችው ላይ ይቀንሳል። አትቆምም፣ ትወጣለች፣ ግን ጎንደር እስክትደርስ ሰርጉ ያልቃል። ዋጋዋም ሚነካ አይደለም።

በመጨረሻ የጋሼ ሃሳብ አሸነፈ፣ ያገለገለ አይሱዙ ኤንፒአር። በኔ እይታ ለዚህ ስራ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ራሱ ከባድ ስለሆነ ተሳቢው እንደፈለገ አይገፋውም፣ ከኋላ ድርብ ጎማ ነው፣ ኤግዞስት ብሬክ ስላለው ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ብዙ ሳትነካ ሞተሩ ይይዝልሃል። ከሁሉም በላይ ጀነሬተሩን ከተሳቢው አውጥተን መኪናው ላይ ጫንነው፣ ተሳቢው ከአንድ ቶን ያላነሰ ቀለለ፣ የቀረውን እቃም እንደገና በሚዛን አስተካከልነው። ጀነሬተሩ ለዛ ነው መጀመሪያም መኪና ላይ መሆን የነበረበት፣ ግን ተሳቢው ሲሰራ ማንም መኪናውን አላሰበም።

ጣጣ የለውም አልልም። ኤንፒአር 24 ቮልት ነው፣ የተሳቢው መብራትና የፍሬን ማግኔት 12 ቮልት፣ በቀጥታ ብትሰካው መብራቱን ሁሉ አንዴ ያቃጥለዋል። ኮንቨርተር እንግጠም ወይስ ፍሬኑን እንቀይረው ብለን ብዙ ተከራከርን፣ በኋላ ወርክሾፑ በግፊት ሚሰራውን ገጠመልን፣ መኪናው ሲይዝ ተሳቢው ራሱ ጋንቾውን ይገፋና ዘንጉ ፍሬኑን ይስባል፣ ኤሌክትሪክ ሚባል አይፈልግም። ለመብራቱ ብቻ ትንሽ ኮንቨርተር አስገባን።

ጋቢናው ግን ሦስት ሰው ነው ሚይዘው፣ የቀረው ቡድን በሚኒባስ ነው ሚሄደው። አካውንታንታችን የሚኒባሱ ኪራይ ደረሰኝ በመጣ ቁጥር ያቺን ደብል ካብ ታነሳለች። እትዬ ደግሞ "መጀመሪያ የጎማውን ነገር ጨርሽልኝ" ይሏታል፣ ምክንያቱም ለመኪናው ስድስት ለተሳቢው አራት፣ አስር ጎማ ነው ምንቀይረው፣ የጎማ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።